የሽንኩርቱ መጨረሻ

ግንቦት 3፣ እሑድ፣ ምሽት 1 ሰዓት

ውሃ መጣ። ሁለት ጀሪካን ቀዳሁ፤ ሦስተኛው ሳይሞላ ሄደ። የአክስቴን ጎመን አጠጣሁ። የረገፈ ማንጎ ለቀምኩ፤ ግማሹን ነጭ ተባይ ወሮታል፣ ጣልኩት። የሪሲቨሩን አቧራ ጠረግኩ። ይህን የመጨረሻውን የሠራሁት በሐፍረት ነው። ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

አክስቴ ልጇ ወልዳላት ደሴ ከሄደች ወዲህ የግቢው ገዢ እኔ ነኝ፣ ደብተርዬ። መሠረት ቀዳማዊት። ሥልጣኔ አንድ ሪሞት ናት። አንድ ዲሽ፣ አንድ ሪሲቨር፣ አራት ቤት። ገመዱ ከአክስቴ ሳሎን ይነሳና በየተከራዩ ቲቪ ይገባል። እኔ የከፈትኩትን ሁሉም ያያል፤ ሌላ ምርጫ የለም። ለዚህ ነው አክስቴ ሕጉን አስምላኝ የሄደችው። ከ11 እስከ 11፡30 የልጆቹ ነው፣ ሰማይ ቢደፋ እንዳትነኪባቸው።

የልጆቹ ማለት ሽንኩርቱ ነው። ጌም ቤት ተሰልፈው የሚጫወቱት ሽንኩርት አለ አይደል፤ እሱን ካርቱን አድርገውት በዐረብኛ ጣቢያ ይመጣል። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ በተመታ ቁጥር አንድ ልጣጭ ይወልቅበታል። ሰባት ልጣጭ አለው። ሰባቱ ካለቁ አለቀለት። እናቱን አንዲት ክፉ ንግሥት ወጥ ቤት ቆልፋባታለች። ታሪኩ ይኸው ነው። አምላክ ምስክሬ ነው ሌላ የለውም።

በግቢው ዐረብኛ የሚያውቁት አንድ ሰው ናቸው፣ ጂዱ ኸሊፋ። ጂዱ አያት ማለት ነው፤ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንላቸው። ከአብራሞ ወገን ካለው መንደራቸው ጉልበታቸውን ሊታከሙ መጥተው፣ ሕክምናው ሲጓተት የማዕዘኗን ክፍል ተከራይተው የቀሩ የበርታ ሽማግሌ። በጎልማሳነታቸው ሱዳን ሠርተዋል፣ ቁርዓን ተምረዋል። በ11 ሰዓት ቲቪያቸውን በረንዳ ላይ ያወጣሉ፣ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ ልጆቹን ይደረድራሉ፣ ይተረጉማሉ። ያውም አተረጓጎም! ከሽንኩርቱ ራስ በላይ መቶ የሚል ቁጥር ብልጭ ሲል “አጅር አገኘ” ይላሉ፤ የጽድቅ ዋጋ ማለት ነው። ጉድጓድ ሲገባ “ኢና ሊላሂ” ብለው ከንፈር ይመጥጣሉ። ከትንሽ በኋላ ብድግ ሲል ደግሞ አልሞተም፣ ራሱን ስቶ ነው ብለው ያስተካክላሉ። ልጆቹ ይሞቱላቸዋል።

ዛሬ የመጨረሻው ክፍል ነበር። ትንሿ ፌቨን ከጠዋት ጀምራ ስንት ሰዓት ነው እያለች ስታሰለቸኝ ዋለች።

እና እኔ ቀየርኩት።

ምሽት 2፡30

እራቱን ትቼ ተመለስኩ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ምክንያቱ ደ. ነው። ስሙን ሙሉ አልጽፍም፣ ቀለሜን አላባክንለትም። ሽማግሌ የላከው፣ አምና ለፋሲካ በዚህ በር በግ እየጎተተ የገባው፣ ቀን ከተቆረጠ በኋላ በቴክስት የተወኝ ደ.። የእፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ነው። ሥራ ቦታ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሹክ አለችኝ። እሑድ ከ11 በኋላ ስለ ማንጎ ተባይ በቴሌቪዥን ይናገራል።

አላይም አልኩ። ምን ቆርጦኝ አልኩ። 11፡25 ላይ ሪሞቱ እጄ ላይ ነው።

ሁለት ደቂቃ ምን ይላል? በሩን ዘጋሁ። መጋረጃውን ጋረድኩ። የሳሎኑን ቲቪ ድምፅ ዜሮ አደረግኩ። ማንም እንዳያውቅብኝ። ተጫንኩ። እሱ ነው። ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሟል፣ ቅጠል ይዟል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል። እኔ የማየው ቦርጩን ነው። ወፍሯል! ተመስገን አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ከበረንዳው የልጆች ጩኸት። ደነገጥኩ። ከዚያ የጂዱ ድምፅ። ከዚያ ጸጥ። መልሼ ቀየርኩ። የዳይፐር ማስታወቂያ። ሽንኩርቱ አልቋል።

ፌቨን መጣች። ነርስ የሆነችው ተከራያችን የወርቄ ልጅ ናት፣ ገና አንደኛ ክፍል። ምን ሆኖ ነው አለችኝ። ሪሲቨሩ አርጅቷል፣ አንዳንዴ በራሱ ይቀይራል አልኳት። ትክ ብላ አየችው። አሳዘናት። “አይዞህ” ብላ ዳበሰችው። አቧራውን የጠረግኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ግንቦት 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ሥራ ልወጣ ነው። ቶሎ ቶሎ።

እፎይ! ልጆቹ አልተቀየሙም። እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል። ፌቨን ጸጉሯን እየተሠራች ሁሉንም ነገረችኝ። ሽንኩርቱ አንድ ልጣጭ ብቻ ቀርቶት የወጥ ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ዘሎ ሊመታው ሲል ቅጠል የያዘ ወፍራም ሰውዬ መጣ። (እሷም ወፍራም አለች። እኔ አልነገርኳትም።) ልጆቹ ተነሥተው ወደ እኔ በር ሊሮጡ ሲሉ ጂዱ ምርኩዛቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። መጨረሻውን አውቀዋለሁ፣ ተቀመጡ አሏቸው። ልጆቹ አላመኑም። ጂዱ ወላሂ ብለው ማሉ። ተቀመጡ።

መጨረሻው ይኸውልሽ። በሩን ቢመታ የመጨረሻው ልጣጩ ይወልቃል፣ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ አልመታም። በሩ ሥር አፈር ቆፈረና ተቀበረ። ንግሥቲቱ አሸነፍኩ ብላ ሳቀች፣ ተኛች። ዝናብ መጣ። በነጋታው በሩ ሥር አርባ ሽንኩርት በቅሏል። አርባው ባንድ ላይ ገፉት። በሩ ወደቀ። ንግሥቲቱ ከአርባ ሽንኩርት ፊት እንዴት ብላ ዓይኗን ትግለጥ? ስታለቅስ እናትየውን ይዘው ወጡ።

ኧረ እኔም ወድጄዋለሁ። ይኸው፣ ማንም አልተጎዳም። ሪሲቨሩም ስሜ ጠፋ ብሎ አልከሰሰኝም። ምን አስጨነቀኝ?

ግን ጂዱ ይህን ከየት አመጡት? ሙሉውን አላዩም። ቆርጬባቸዋለሁ እኮ።

አረፈድኩ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ፣ ምሽት 1፡40

ነጂብ ከባምባሲ ተመለሰ። ምነው እዚያው በቀረ! ይቅር በለኝ፣ ልጁ ምን አደረገ። የጀርባው ተከራይ ልጅ ነው፣ አራተኛ ክፍል፣ ጌሙን እስከ መጨረሻው ደረጃ የጨረሰ ብቸኛው ጀግናችን። እሑድ አክስቱ ቤት ነበር። የአክስቱ ቤት ቲቪ የራሱ ሪሲቨር አለው። ሽንኩርቱን ሙሉውን አይቷል።

ዛሬ 11 ሰዓት ምንጣፉ ላይ ቆሞ አወራ። አርባ ሽንኩርት የሚባል ነገር የለም። መቀበር የለም። ሽንኩርቱ ዘሎ ቀይ ቁልፍ ተጫነ፣ ድስቱ ፈነዳ፣ ዘውድ ደፋ፣ ጨፈረ። በቃ። ልጆቹ ወደ ጂዱ ዞሩ። ፌቨን ሳይቀር።

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ከዚያ አንዱ “ጂዱ ዋሾ” አለ። ሌላው ደገመው። ከዚያ በጭብጨባ ሆነ። ልጆች ናቸው፣ ክፋት የላቸውም፣ ግን ጭብጨባው! ነጂብ ብቻ አላጨበጨበም። እሱ የባሰውን አለ። ወላሂ ብለዋል፣ በውሸት ወላሂ ማለት ትልቅ ወንጀል ነው ብለው ኡስታዛችን አስተምረውናል አለ። በቁም ነገር ነው፣ ፍርሃት ፊቱ ላይ ይታያል።

ጂዱ አልተቆጡም። “እሱ ያየው ነው እውነቱ” አሉ። ምንጣፉን ጠቀለሉ። ቲቪውን ማንሳት አቃታቸው፤ ጉልበታቸው። ነጂብ አገዛቸው። ገቡ። በሩ ተዘጋ። ያ በር ፀሐይ ካልጠለቀች ተዘግቶ አያውቅም።

እኔ የት ነበርኩ? ቧንቧው ጋ። ጀሪካን ይዤ። ሁለት ሜትር ራቅ ብዬ። ነጂብ መጥቶ እሑድ ማን ቀየረው ብሎ ጠየቀኝ። ሪሲቨሩ ነው አልኩት። ለሁለተኛ ጊዜ! ያን ጊዜ ደንግጬ ነው እንበል። አሁንስ?

ጂዱ በሕይወታቸው አንድ የሚኮሩበት ነገር ቢኖር ቃላቸው ነው። የሱቁ ባለቤት ሳይጽፍ ዱቤ የሚሰጠው ለሳቸው ብቻ ነው። እኒያን ሰውዬ በጭብጨባ ዋሾ አስባልኳቸው። ለቦርጭ!

ግንቦት 7፣ ሐሙስ፣ ምሽት 1 ሰዓት

ጠዋት 4 ሰዓት። ከሥራ ሾልኬ መጣሁ። ሻይና ትኩስ ዳቦ በፌቨን ላክሁ። ዳቦው ተመለሰ። ሻዩም ተመለሰ። አመሰግናለሁ ብለዋል አለች። ጂዱ ሻይ ሲመልሱ አይቼ አላውቅም። ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር የሚሉ ሰውዬ።

ተቀይመውኛል። አውቀዋል ማለት ነው? ወይስ በሁላችንም ነው ያዘኑት?

11 ሰዓት። በሽንኩርቱ ቦታ አዲስ ካርቱን ጀመረ። ዓሣ ነገር ነው። ልጆቹ እነፌቨን ቤት ታጭቀው ከፈቱ። አንዱ ዓሣው ንጉሥ ነው ይላል፣ አንዱ ሌባ ነው ይላል። ተጣሉ። ሳያልቅ ተበተኑ። ነጂብ ብቻውን በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የተዘጋውን በር ያያል። ዓይኑን ሸሸሁት።

ወርቄ ደግሞ ሌላ ወሬ አመጣች። ጂዱ የቀትር ኪኒናቸውን ትተዋል። ለምን ስትላቸው “ሥራ አለኝ” ብለዋታል። የምን ሥራ? ተኝተው ነው የሚውሉት። እሷም ግራ ገብቷታል።

እኔ ነኝ። ሰውዬው ሊታመሙ ነው፣ እኔ ነኝ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ፣ 9 ሰዓት፣ ሥራ ቦታ

አገኘሁት! የሽንኩርቱን መጨረሻ ክፍል፣ ሙሉውን። ኔትወርኩ ዛሬ ደህና ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ ውሎ አሁን አለቀ። ሁሉንም አየሁት። አንድም ቃል አልገባኝም። የገባኝን ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ያለፈውን ያሳያል። ከዚያ የዘፈን መግቢያ። ከዚያ እንደገና ያለፈውን፣ ያላየ ካለ ብለው ነው መሰለኝ። ከዚያ ሽንኩርቱ ይሮጣል። ከኋላው አንድ ዛፍ ያልፋል። ያው ዛፍ እንደገና ያልፋል። ያው ዛፍ፣ ያው ወፍ፣ ያው ቅርንጫፍ። ሥዕል የሚስለው ሰው ደመወዝ ዘግይቶበት ይሆናል። ከዚያ ጠላቶቹ ይመጣሉ። የጨው ዕቃዎች ናቸው። እግር አላቸው፣ ዓይን አላቸው፣ ጭንቅላት የላቸውም፤ ማለቴ አእምሮ። ተሰልፈው ወደ ጉድጓድ ይሄዳሉ። ፊተኛው ይገባል። ሁለተኛው ፊተኛው ሲገባ አይቷል። እሱም ይገባል። እንዲህ እያሉ ያልቃሉ። በጌሙ እንደዚያ ስለሆነ በካርቱኑም እንደዚያ ነው።

የወጥ ቤቱ በር ሦስት ቁልፍ ይፈልጋል። ሽንኩርቱ ቁልፎቹን ፍለጋ ተራራ ይወጣል፣ እሳት ይሻገራል፣ አምስት ልጣጭ ይከስራል። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው። ሙሉውን ክፍል ክፍት ነው! መጋረጃው ይውለበለባል! መስኮቱ! እያልኩ ስጮህ አንድ ደንበኛ መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ ገብቶ ደንግጦ ወጣ።

ንግሥቲቱ ቀኝ እጇ ቢላዋ ነው። በቆረጠችው ቁጥር ታለቅሳለች፣ ስታለቅስ አታይም፣ ሳታይ የራሷን ዙፋን ትከትፋለች። መጨረሻ ላይ ነጂብ እንዳለው ነው። ቀይ ቁልፍ። ለምን ወጥ ቤት ውስጥ የሚጫኑት ቀይ ቁልፍ ኖረ? አይጠየቅም። ድስቱ ይፈነዳል። የወለቁት ልጣጮች ንፋስ እንደመታው የታጠበ ልብስ እየበረሩ መጥተው ይለጠፉበታል። ዘውድ። ጭፈራ። ከማን ጋር? ከባለቢላዋዋ ንግሥት ጋር! እናትየዋስ? ተረሳች። ጭራሽ አልታየችም። ወዲያው ጌሙን ግዙ የሚል ማስታወቂያ።

እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ተቋረጠ። ለዚህ ነው? ጂዱ ኸሊፋ ዋሾ የተባሉት ለዚህ ነው? እናትየዋን የረሳው እውነተኛ፣ እናትየዋን ያወጡት ዋሾ?

ምሽት 1 ሰዓት

ምሳ ሰዓት ከሥራ መጥቼ ሩዝ በአትክልት ሠርቼ ላክሁ። ተመለሰ።

ዛሬ ልነግራቸው በሩ ድረስ ሄድኩ። እጄን አነሳሁ። ከውስጥ የቁርዓን ድምፅ ይሰማል፣ ቀስ ያለ። አላቋርጣቸው ብዬ ተመለስኩ። ውሸቴን ነው፣ ደብተርዬ። ፈርቼ ነው። ብነግራቸው ግቢው ይሰማል፣ ግቢው ከሰማ አክስቴ ትሰማለች፣ መሠረት ያንን ሰውዬ ለማየት ልጆቹን ቆረጠችባቸው ይባላል። ከአምና ጀምሮ ረስቼዋለሁ ስል ነው የኖርኩት። ለሁሉም ነው ያልኩት። ለአንቺም ጭምር።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ፣ ምሽት 2 ሰዓት

በተርታ ልጻፍ።

12፡45 ላይ ሄድኩ። ተባይ ያልነካቸውን ማንጎዎች መርጬ፣ አጥቤ፣ በሳህን ይዤ። ስልኬ ላይ ሽንኩርቱን ጭኜ። አንኳኳሁ። ግባ አሉኝ። ጂዱ ሴትም ወንድም ለሳቸው አንተ ነው፤ ለምጄዋለሁ። ምንጣፋቸው ላይ ናቸው። ፊታቸው ገርጥቷል።

አልተቀመጥኩም። በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። ሪሲቨሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ አንድ ሰው ለማየት ነው፣ ልጆቹ ሲሰድቡዎት ቆሜ ሰማሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

መስኮቱን አዩ። “ቁጭ በል” አሉኝ። ተቀመጥኩ። ማንጎውን አላነሱም። ሰላሳ ዓመት ያለፈ መሰለኝ። አሁን ያባርሩኛል እያልኩ ነው።

አዛን ተባለ። ቢስሚላህ ብለው አንድ ማንጎ አነሱ፣ ነከሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሻዩ። ዳቦው። ሩዙ። የቀትር ኪኒኑ። እየጾሙ ነው!

ረመዳን አይደለም እኮ፣ የምን ጾም ነው አልኩ። ነገሩኝ፤ ልክ የሽንኩርቱን ታሪክ እንደሚነግሩት፣ ሳይቸኩሉ። በውሸት ወላሂ ያለ ሰው አሥር ድሃ ያበላል፤ አቅም ከሌለው ሦስት ቀን ይጾማል። ነጂብ የተናገረው ልክ ነው፣ ኡስታዙ በደንብ አስተምሮታል አሉ። ኮሩበት እንጂ አልተቀየሙትም። ከሐሙስ ጀምረው ጾሙ፣ ዛሬ አለቀ።

ታዲያ ለምን ማሉ? መጨረሻውን አያውቁ!

“ሰውዬውን እኔም አየሁት” አሉ። “በግ ይዞ የመጣው ነው። ልጆች በር ቢመታ አንተ ታፍራለህ አልኩ። ያለ ወላሂ ልጅ አይቀመጥም።”

ደብተርዬ፣ አወቁ። ያኔውኑ አወቁ። መጋረጃ ጋርጄ፣ ድምፅ አጥፍቼ፣ ደ.ን በአራት ቤት ቲቪ ላይ ዘርግቼው ነበር። ሌላው ወፍራም ሰውዬ ነው ያየው። ጂዱ ግን ደ.ን አዩ፣ ከኋላው እኔን አዩ፣ ልጆቹ በሬን ከፍተው ፊቴን እንዳያዩ ምርኩዝ ዘረጉ። ለኔ ማሉ። ለኔ ተሰደቡ። ለኔ ሦስት ቀን ተራቡ። እኔ ደግሞ ቀትር ላይ ሩዝ እልክላቸዋለሁ።

አለቀስኩ። ዝም ብዬ ሳይሆን፣ ንግሥቲቱ አርባ ሽንኩርት ፊት እንዳለቀሰችው። ጂዱ በመሐረብ ፈንታ የማንጎ ልጣጭ የያዘውን ሳህን አቀበሉኝ፤ ጨለም ብሎ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን።

ልወጣ ስነሳ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ያ ሰውዬ ምን አለ? የትኛው? የማንጎው። መንደር ያሉት ማንጎዎቻቸው ሁሉ ነጭ ሆነዋል፤ አምና ፍሬያቸው ረገፈ፣ ዘንድሮም እየረገፈ ነው። ሰውዬው መድኃኒቱ ሦስት ነገር ነው ብሎ ጀመረ። በአንድ ጆሮ ሰሙት፣ ልጆቹ እየጮኹ። አንደኛ የታመመውን ቅርንጫፍ መግረዝ አለ። ሁለተኛ ሲል አንተ ቀየርክ አሉኝ።

ምን አለ? እኔ ድምፁን ዜሮ አድርጌ ነበር። ቦርጩን ነው ያየሁት።

ግንቦት 10፣ እሑድ፣ ምሽት 12፡30

ነገርኳቸው።

11 ሰዓት ላይ ጂዱ ምንጣፉን አነጠፉ። ልጆቹ ከሩቅ ቆመው ያፈጣሉ። እኔ መሐል ገባሁ። የቀየርኩት እኔ ነኝ አልኩ፣ ሪሲቨሩ ደህና ነው፣ ዋሾዋ እኔ ነኝ፣ ጂዱ የማሉት እኔን ከእናንተ ሊሸፍኑ ነው፣ ለዚያም ጾመዋል። ፌቨን ተቆጣች። ሪሲቨሩን በከንቱ አጽናንታዋለች። ነጂብ ሄዶ የጂዱን እጅ ሳመ፣ ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈ፣ ቶሎም አላነሳው። ወርቄ ከበሯ ላይ ሆና ማንን ለማየት ነው አለች። ስሙን ተናገርኩ። ሙሉ ስሙን። ግቢው ሁሉ ሰማ። አልሞትኩም። ወርቄ “ወፍሯል አይደል?” አለች።

ከዚያ ስልኬ ላይ እውነተኛውን አየን። ጂዱ ተረጎሙ። ጭፈራው ላይ ሲደርሱ አሰቡና ሰርግ ነው መሰለኝ አሉ። ፌቨን እናቱስ አለች። ነጂብ በእውነተኛው እናቱ የለችም አላት። ፌቨን እንግዲያው አርባዎቹን ድገሙልን አለች። ጂዱ አሁን ወላሂ የለም፣ ተረት ነው ብለው አስጠንቅቀው ጀመሩ። ነጂብ አንዷን ቃል ሳያስቀር ሰማ። አሁንም እየሰማ ነው፣ ድምፃቸው እዚህ ድረስ ይመጣል። ሽንኩርቱ በሩ ሥር እየቆፈረ ነው።

ሪሞቱን ልሰጣቸው ብል አልቀበልም አሉ። ሪሞት ምን ያደርግልኛል፣ ሁለተኛውን ንገረኝ አሉ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን።

ያን ፕሮግራም በስልኬ ፈለግኩት። የለም። ግብርና ቢሮ ነገ ሄጄ እጠይቃለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ነገ ሌላ ሰበብ አላጣም፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ጂዱ ሦስት ቀን ተራቡልኝ። እኔ አንድ ስልክ መደወል ያቅተኛል?

ቁጥሩን አምና አጥፍቼዋለሁ። ጣቴ ግን አልረሳውም።

የምለውን ልጻፍ፣ እንዳልስት። ሰላም ነው። መሠረት ነኝ። ስለ ማንጎው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ምንድን ነው? አመሰግናለሁ። በቃ። ለምን በቴክስት እንደተወኝ አልጠይቅም። በጉንም አላነሳም።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ፣ ድምፁን የመጨረሻ ከፍ አድርጌ፣ እስክሪብቶዬ ዝግጁ ነው። በሩን ክፍት ተውኩት። ይጠራል። ይጠራል። ምነው ባያነሳ።

አነሳ።

ድምፁ አልወፈረም፣ ደብተርዬ፣ ያው ነው፣ ሄሎ ይላል፣ የጻፍኩትን አነበብኩለት፣ እየነገረኝ ነው፣ ልጻፍ፦ ሁለተኛ...